የማን ልጅ ነህ? የማንስ ዋስ?
በተመራቂዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ከሕክምና ውጪ ስላለ ነገር እንድናገር ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ማንሳት ክልክል መሆኑም በግልጽ ተነግሮኛል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጨዋታ ነው፤ የምሬን ነው። መጨረሻው ላይ ግን ስለኛ ስለተመራቂዎቹም ትንሽ እላለሁ፤ ጨዋታው ራሱ ወደዚያ ስለሚወስደኝ።

ጨዋታው ሮል ፕሌይንግ ጌም ይባላል፤ የሚና ጨዋታ ልንለው እንችላለን። ኳስ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ገንዘብም አይያዝበትም። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ አገሩን፣ መንደሩን፣ ጠላቱን፣ ዝናቡን የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል። ይሳካለት እንደሆነ ለማወቅ ዳይስ ይጣላል፤ ከዚያ ታሪኩ ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት ታትሞ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን አሜሪካ ውስጥ ያዘጋጁት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1974። አንድ ታሪክ በአንድ ማታ አያልቅም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ይህን እነሱ «ካምፔይን» ይሉታል፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ «ዘመቻ» እንለዋለን። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዘመታችሁ አንጋፋዎቻችን በቃሉ ይቅር እንደምትሉን ተስፋ አደርጋለሁ።

የኛ ጠረጴዛ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ ነው የሚሰበሰበው፤ ቤቱ በተራ ይዞራል። አምስት ተጫዋቾች አሉ፣ እኔ ጨዋታ መሪ ነኝ። ሁለቱ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፣ ሦስቱ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አዲስ ዘመቻ ሲጀመር ጨዋታ መሪው ተጫዋቾቹን «የገጸ ባሕርያችሁን ያለፈ ሕይወት ጽፋችሁ አምጡ» ይላል። ሁሉም ጽፎ ይመጣል። ታዲያ በየትም አገር ያለ ጨዋታ መሪ የሚነግራችሁ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ወላጆቹ የሞቱበት፣ መንደሩ የተቃጠለበት፣ ማንንም የማያምን፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቢሆን ደህና ነበር። አምስቱም እንዲህ ሲሆኑ ግን ችግር ነው፤ አምስት ብቸኞች አንድ ጠጅ ቤት ይገቡና ጥግ ይፈልጋሉ፣ ጠጅ ቤቱ ደግሞ ያለው አራት ጥግ ብቻ ነው።

ሰው ለምን እንዲህ ይጽፋል? ስንፍና አይመስለኝም። ዘመድ የሌለው ሰው የሚያዝበት ነገር የለውም። እናት ካለችህ ጨዋታ መሪው ያሳምምብሃል፤ ልጅ ካለህ ያስጠፋብሃል። ስለዚህ ተጫዋቹ ገና ሳይነካ ራሱን ይጠብቃል። ሌላው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ለብቻው ነው የጻፈው። ለብቻ የተጻፈ ታሪክ ውስጥ ሌላው ሰው ከየት ይመጣል?

በኛ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ ይህ ማለት አንድ ዋርድ ውስጥ አምስት አልጋ፣ አምስት ካርድ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሂስትሪ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ አንዱ ካርድ ግን ስለ ሌላው አንድ ቃል አይናገርም። ጉዳቱ የሚታየው ጨዋታው ሲጀመር ነው። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት እንጫወታለን እንበል፣ 180 ደቂቃ። ለአምስት ብናካፍለው ለአንድ ሰው ታሪክ 36 ደቂቃ ይደርሰዋል። የቀረውን 144 ደቂቃ የማይመለከተውን የሌላ ሰው ጉዳይ ሲያዳምጥ ያመሻል። የጠዋት ሞርኒንግ ላይ የራሳችን ያልሆነ ኬዝ ሲቀርብ ምን እናደርግ እንደነበር መምህራኖቻችን ያውቃሉ። ሁለት ሰው የሚጋራው ታሪክ ግን ሲነሳ ሁለቱም ቀና ይላሉ። ብዙ ዘመቻ የሚሞተው ከባድ ጠላት ገጥሞት አይደለም፤ ሰዎቹ አንድ ላይ የሚሄዱበት ምክንያት ስለሚያጡ ነው።

የጨዋታ ጸሐፊዎች ይህን ቀስ በቀስ ተረድተውታል። ጥቂቶቹን ልጥቀስ፤ እያንዳንዱ ያገኘው መፍትሔ የተለየ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቨለር ገና ከመጀመሪያው ላለፈ ሕይወት ቦታ ሰጥቷል። ገጸ ባሕርይው የት እንዳገለገለ፣ ምን እንደተማረ በዳይስ ይወሰናል፤ ጨዋታው ሳይጀመር በዚያው በአገልግሎት ላይ ሊሞትም ይችላል። ሆኖም ሕይወቱ የብቻው ነበር። በ2008 ሞንጉዝ የተባለው አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው አንድ ሕግ ገባበት፦ ሁለት ተጫዋቾች «ያ ክስተት የደረሰብን አብረን ሆነን ነው» ብለው ከተስማሙ ሁለቱም አንድ ተጨማሪ ችሎታ ያገኛሉ። ማለትም ዝምድና ተከፈለበት። ብልህ ነገር ነው።

በ2006 የወጣው ስፒሪት ኦፍ ዘ ሴንቸሪ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይው ዋና የሆነበት ልብ ወለድ እንዳለ አድርጎ ርዕስ እንዲሰጠው ያደርጋል። ከዚያ ሁሉም በሌሎች ሁለት ሰዎች ልብ ወለድ ውስጥ በእንግድነት ይገባል። የጄሰን ሞርኒንግስታር ፊያስኮ በ2009 ከዚያም ርቆ ሄደ፤ ጨዋታ መሪ የለውም፤ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት መጀመሪያ ይወሰንና ገጸ ባሕርይው ከዚያ ይወጣል። ሰውየው ከዝምድናው ይወለዳል ማለት ነው። በ2010 ሜጌ ቤከርና ቪንሰንት ቤከር ያወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ምን ያህል እንደሚያውቀው በቁጥር ይጻፋል፤ የሁለቱ ቁጥር ግን እኩል መሆን የለበትም። አንተ ታውቀኛለህ፣ እኔ ላላውቅህ እችላለሁ። ዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ወደኛ ጠረጴዛ ሲመጣ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በኛ አገር እንግዳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ሰው ለጋብቻ ሲተጫጭ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነን። ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ የምናደርግበት ቃል ደግሞ ሞልቶናል፦ አበልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ጉዲፈቻ፣ ሚዜ፣ ዕቁብተኛ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ወይም የቁርአን ቤት ጓደኛ፣ ዋስ። እነዚህን በየወረቀቱ ቆርጬ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። «ከቀኛችሁ ካለው ሰው ጋር አንዱን ምረጡ» አልኳቸው። ሌላ ሕግ አላወጣሁም።

የመጣውን ልንገራችሁ። ዘመቻችን የጨው አሞሌ በሚጓዝበት፣ ደጋና ቆላ ባለው፣ በምናባችን በፈጠርነው አገር ነው። አምስቱ ሰዎች አንድ የሲራራ ነጋዴ፣ አንድ ከጦር የኮበለለ ወታደር፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንዲት አዝማሪና አንድ አንጥረኛ ናቸው።

አንጥረኛው ለነጋዴው ዋስ ሆኖለት ነበር፤ ነጋዴው ሲጠፋ መዶሻውን ሸጦ ከፈለ። ወታደሩ ከጦሩ ያመለጠው በዚሁ ነጋዴ ጭነት ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ለመደበቂያ የጣለው ጨው ነው ነጋዴውን ያከሰረው፤ ነጋዴው ይህን አያውቅም። ወታደሩና መድኃኒት ቀማሚው የአንዲት ሴት የጡት ልጆች ናቸው። መድኃኒት ቀማሚው ያከመው አንድ ትልቅ ሰው ሞቶበታል፤ አዝማሪዋ ደግሞ በዚያ ሞት ላይ ዘፈን አውጥታለች፤ ዘፈኑ በየገበያው ይዘፈናል፣ «ያ ቀማሚ» የተባለው አጠገቧ የሚሄደው ሰው መሆኑን ግን አታውቅም። አዝማሪዋን ማሲንቆ ያስተማሯት የአንጥረኛው አባት ናቸው፤ ማሲን቏ቸውን ይዛ ሳትሰናበት ነው የወጣችው። ክቡም እዚህ ጋ ይገጥማል።

ከዚህ የተማርናቸውን ነገሮች በአጭሩ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ጎረቤት ይበቃል። በአምስት ሰዎች መካከል አሥር ጥንድ አለ። አሥሩንም ማሰር ከጀመርን ማንም አያስታውሳቸውም። ሁሉም ከቀኙና ከግራው ጋር ከተሳሰረ አምስት ክር ነው፤ አምስት ክር ግን ክብ ይሆናል፣ ማንም ውጪ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ያላለቀ ነገር ይሻላል። «ጓደኛሞች ነን» ያለቀ ነገር ነው፤ ቀጥሎ የሚደረግ ነገር የለውም። «ዋስ ሆኜለት ጠፋ» ስንል ግን ነገ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ዕዳ፣ ቃል፣ ምስጢር፣ ያልተመለሰ ዕቃ፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚያስኬዱ እነዚህ ናቸው። ፍቅርም ቢሆን ካላለቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ ሰዎች ነገሩን እኩል ማወቅ የለባቸውም። ነጋዴው ጨውን ሌባ ሰረቀኝ ይላል፣ ወታደሩ ዝም ይላል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን ሁላችን ግን እናውቃለን። ያ ዝምታ ሰባት ወር ጎትቶናል።

አራተኛ፣ ጨዋታ መሪው እጁን ይሰብስብ። መሪን የሚፈትን አንድ ነገር አለ፤ የአምስቱንም መከራ ያደረሰው አንድ ክፉ ሰው ነው ማለት። ያምራል፣ ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ ታስራለህ። ክፉው ሰው በተገደለ ማታ የአምስቱም ታሪክ አብሮ ያልቃል፤ በማግስቱ የሚመጣበት ምክንያት ያለው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ብዙ ስለሆነ ነው።

አምስተኛው ፈቃድ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰው የገጸ ባሕርይውን ያለፈ ሕይወት ሲጽፍ ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ነው። ሁልጊዜ አይታወቀውም። የሞተ ወንድም ሲጽፍ ምናልባት የሞተ ወንድም አለው። አጠገቡ ያለው ተጫዋች «የኔ ሰው እኮ ነው የገደለው!» ሲል ጥሩ ታሪክ ያገኘ መስሎት ነው። ስለዚህ በኛ ጠረጴዛ የሌላን ሰው ታሪክ ከመንካት በፊት ይጠየቃል፤ «ከዚህ ጋር ልታሰር?» ይባላል፤ መልሱ «አይ» ከሆነ ምክንያት አይጠየቅም። በውጭ አገር ብዙ ጠረጴዛዎች የጆን ስታቭሮፖሎስን ኤክስ ካርድ ይጠቀማሉ፤ መሐል ላይ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጣል፣ ያልተመቸው ሰው ካርዱን ይነካል፣ ነገሩ ይታለፋል። እኛም አለን። ደግሞ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጠረጴዛው የሥነ ልቦና ሕክምና አይደለም፣ እኔም ዓርብ ማታ የማንም ሐኪም አይደለሁም።

ዘመቻችን ዓመት ካለፈው በኋላ አንጥረኛውን የሚጫወተው ወንድማችን አባቱ አረፉበት። በታሪካችን ውስጥ ደግሞ የአንጥረኛው አባት፣ የአዝማሪዋ አስተማሪ፣ ታመው ተኝተዋል። ለሚቀጥለው ዓርብ የተዘጋጀው የእሳቸው ሞት ነበር። አዝማሪዋን የምትጫወተው እህታችን ያችን ማታ ስትጠብቅ ወራት አልፏታል፤ ለይቅርታ ስትሮጥ ዘግይታ ልትደርስ።

መጀመሪያ ለቅሶ ደረስን። አምስታችንም አንድ ላይ ነው የገባነው። አንድ የቤተ ሰቡ ሽማግሌ አዩንና «ልጆች፣ ከመሥሪያ ቤቱ ናችሁ?» አሉን። አይደለንም። «የሰፈር ልጆች?» አይደለንም። ተያየን። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «አብረን የምንጫወት ነን» አይባልም መቼም። መድኃኒት ቀማሚው ነው ያዳነን፤ «የዓርብ ማኅበርተኞች ነን፣ አባባ» አላቸው። ፊታቸው ፈታ አለና «ማኅበር ካላችሁማ ጥሩ ነው፤ ጽዋው አሁን እማን ዘንድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀጣዩ ቤት የኔ ስለነበረ «እኔ ጋ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም።

ከአርባው በኋላ ደወልኩለት። መልእክት መላክ በቂ አልመሰለኝም። «ሽማግሌውን ምን እናድርጋቸው? ቀስ ብለን ከታሪኩ እናውጣቸው? ይቆዩ? ወይስ እንደታሰበው ይሁን?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አይሙቱ። ግን አትደብቋቸውም። እየሄድን እንጠይቃቸው» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የማስተሳሰር ዋጋው የሚታየው። ሽማግሌው የሱ ብቻ አልነበሩማ። ግማሹ የአዝማሪዋ ናቸው፤ የሷ ታሪክ በሙሉ የቆመው በሞታቸው ላይ ነው። እሷም ተጠየቀች። «አይሆንም» ማለት መብቷ ነበር፤ ብትልም ማንም አይቀየማትም ነበር፣ ሌላ መንገድ እንፈልግ ነበር። «የኔ ዕዳ እኮ ሰውየው በሕይወት እያሉም ይከፈላል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ አዝማሪዋ ማሲንቆውን ይዛ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ሽማግሌው አልተቀበሏትም፤ «ጭራው ተበጥሷል፣ መጀመሪያ ቀጥይው» አሏት። የሳቸውን ድምፅ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ብዙ አልተናገርኩም። አንጥረኛው ከጎን ሆኖ ሲሰማ ቆየና «አባዬ፣ የፈረሱን ጭራ እኔ አመጣለሁ» አለ። በዚያ ማታ ዳይስ አልተጣለም።

ብቻውን የተጻፈ አባት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አያነሳቸውም ነበር ብዬ እገምታለሁ። እሱ እንዳያመው እኛ ዝም እንላለን፣ እኛ እንዳንጨነቅ እሱ ዝም ይላል። የጋራ ስለነበሩ ግን ሌላ ሰውም ሊጠይቃቸው መሄድ ነበረበት። ታሪክህን ከሌላ ሰው ጋር ስታስር እንደፈለግህ የማድረግ መብትህ ይቀንሳል፤ በምትኩ ያንን ነገር ብቻህን መሸከምህ ይቀራል። እኔ ከዚህ ጨዋታ ያገኘሁት ይህንን ነው።

አሁን ወደኛ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ።

የመመረቂያ መጽሔታችንን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፎቶ፣ ስም፣ ከሥር «ላስት ወርድ»። ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ነበርን። ነገር ግን ገጽ በገጽ ብታገላብጡት አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው ጥቂት ነው። ዛሬም ስንገናኝ የምንጠያየቀው ያንኑ ነው፦ የት ነሽ? ምን ስፔሻላይዝ አደረግሽ? ስንት ልጅ አለሽ? መልሶቹ ጥሩ ናቸው፤ አምስት አልጋ፣ አምስት ካርድ ናቸው። ከዚያ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ በቴሌግራም እንገባለን፣ ግሩፑም በሁለት ወሩ የበዓል ካርድ ብቻ የሚላክበት ይሆናል።

በመካከላችን ያለው ክር ግን ይህ ብቻ አይደለም። እናቷ ታማ ክፍለ ሀገር ለሄደች ልጅ ሦስት ሌሊት ዲዩቲ የሸፈነ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ያልተመለሰ የአናቶሚ አትላስ አለ። ካፌ ውስጥ በዱቤ የተበላ፣ ሂሳቡ በሌላ ሰው የተዘጋ ብዙ ምሳ አለ። በኢንተርንሺፕ ጊዜ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲሞት ደረጃው ላይ አብሮ የተቀመጠ ሰው አለ። ተኳርፈው የቀሩም አሉ፤ ያም ክር ነው፣ ያላለቀ ነገር ነው። ውጭ አገር ያሉት፣ ዛሬ መምጣት ያልቻሉት፣ ያረፉብንም በዚህ ክር ውስጥ ናቸው፤ በስም ዝርዝር ውስጥ ብቻ ካስቀመጥናቸው ግን ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው እትም ከየስማችን ሥር ስለ ሥራችን ከሚጻፈው በተጨማሪ አንድ መስመር ይኑር፤ የሌላ ተመራቂ ስም ያለበት መስመር። «ለዚህ ሰው ይህ አለብኝ» የሚል። አንድ ብቻ ይበቃል፤ ጎረቤት ይበቃል ብያችኋለሁ። የሚጠቀሰው ሰው ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ «አይ» ካለ ምክንያት አይጠየቅም።

መምህራኖቻችንም አትቀሩም። እናንተ የኛን ያለፈ ታሪክ ግማሹን ይዛችኋል፤ እኛ ከረሳነው ግማሽ ውስጥ ደግሞ ጥቂቱ መልካም እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

እራት ደርሷል መሰለኝ፣ ከኋላ ምልክት እየተሰጠኝ ነው። ስትቀመጡ በቀኛችሁ ያለውን ሰው የት እንደሚሠራ ከመጠየቃችሁ በፊት «ላንተ ያለብኝ ነገር ምንድን ነው?» በሉት። ካላስታወሰ እናንተ አስታውሱት። ጨዋታውን መሞከር የሚፈልግ ካለ ደግሞ ዓርብ ማታ ነን፤ ዳይስ አለን፣ ወንበር ግን ይዛችሁ ኑ።